ሎይድ ጆርጅ በአንድ ወንበር 55 ዓመት እንዴት ቆየ?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ “በእንግሊዝ ፓርላማ ከዌልስ የተመረጠ አንድ ሰው 55 ዓመት ያህል ሳይሸነፍ በአንድ ወንበር ቆየ ይባላል። ሕዝቡ እንዴት አልሰለቸውም? አያቴ ደግሞ ይኸው ሰው በጣልያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ተሟግቷል ሲሉ እሰማ ነበር። እውነት ነው?”

ሁለቱም እውነት ነው። ሰውየው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ይባላል። ካርናርቨን ቦሮስ የሚባለውን የሰሜን ዌልስ የምርጫ ክልል ወክሎ ኤፕሪል 1890 ፓርላማ ገባ፤ የወጣው በ1945 መጀመሪያ ነው። (ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) 55 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀረው ማለት ነው፤ በመካከሉ አንድም ምርጫ አልተሸነፈም። የአያትዎን ነገር ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ ከሰውየው ዕድሜ መጨረሻ አካባቢ ስለሚመጣ።

የብሪታንያ ፓርላማን ታሪክ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ወዲያው የሚመጣው መልስ “አንደበተ ርቱዕ ስለነበረ ነው” የሚል ነው። አንደበቱን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ንግግር አንድ ምርጫ ያሸንፋል፣ ሁለት ምርጫ ያሸንፋል፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት አያስቀምጥም። እኔ ያመንኩበት መልስ ሌላ ነው፦ ሎንዶን ሄዶ የፈለገውን ሲሆን፣ አገር ቤት ሆነው ቤቱን የሚጠብቁለት ሰዎች ነበሩት። የያዘው አቤቱታም ከመጀመሪያው የእነሱ የራሳቸው አቤቱታ ነበር።

የተወለደው በ1863 ማንቸስተር ነው፤ ወላጆቹ ግን ዌልሳውያን ናቸው። አባቱ አስተማሪ ነበር፤ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እናቱ ልጆቿን ይዛ ላንስተምድዊ ወደምትባል መንደር፣ ወንድሟ ሪቻርድ ሎይድ ዘንድ ገባች። አጎትየው ጫማ ሰፊ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚሰብክ የጸሎት ቤት አገልጋይ ነው። የጫማ መስፊያው ክፍል ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ጫማ ሊያሠራ የመጣው ሁሉ ስለ ሃይማኖትና ስለ መሬት ሲከራከር ልጁ እየሰማ አደገ። ሕግ ለመማር የሚያበቃውን ፈተና እንዲያልፍ ፈረንሳይኛ አስፈለገው፤ በመንደሩ የሚያስተምረው ሰው አልነበረም። አጎትየው ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ቋንቋውን ራሱ እያጠና አስተማረው። ሎይድ ጆርጅ የአባቱ ስም ጆርጅ ሆኖ ሳለ “ሎይድ”ን ከፊት ያስቀደመው ለዚህ አጎቱ ክብር ነው። በቤታቸው የሚነገረው ዌልሽኛ ነበር፤ አፉን በዌልሽኛ ፈትቶ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ከእሱ በቀር የለም።

የዚያን ጊዜዋ ዌልስ የነበረባትን ነገር ካልያዝን ቀጣዩ አይገባንም። ሕዝቡ በአብዛኛው የጸሎት ቤት ምእመን፣ ማለትም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ፕሮቴስታንት ነው፤ የመንግሥት ሃይማኖት ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ገበሬው ለማይገባባት ቤተ ክርስቲያን አሥራት ይከፍላል። መሬቱ በአብዛኛው የጥቂት ባለርስቶች ነው፤ በየመንደሩ ያለው ትምህርት ቤትም ብዙውን ጊዜ የዚችው ቤተ ክርስቲያን ነው። የላንስተምድዊውም እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን ባለርስቶችና ቀሳውስት ለጉብኝት መጥተው ልጆቹ ጸሎተ ሃይማኖት እንዲደግሙ ሲታዘዙ፣ በትንሹ ዴቪድ መሪነት ሁሉም ዝም አሉ። መጨረሻ ላይ ዝምታውን የሰበረው ታናሽ ወንድሙ ዊልያም ነው፤ መምህራቸው በእንግዶች ፊት ሲዋረድ አይቶ አዘነለት። ይህን ዊልያምን ያስታውሱልኝ፤ የ55ቱ ዓመት ግማሽ የእሱ ነው።

ሎይድ ጆርጅ በ1884 የሕግ ፈተናውን ጨርሶ ክሪክየት በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ቢሮ ከፈተ። ስሙን ያስጠራው የአንድ ቀብር ክስ ነው። በ1888 ላንቭሮተን በሚባል የጎረቤት አውራጃ መንደር አንድ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ሽማግሌ ሞተ። የተመኘው ከልጁ መቃብር አጠገብ፣ በራሱ ጸሎት ቤት ሥርዓት መቀበርን ነበር። በ1880 የወጣው የቀብር ሕግ ይህን ይፈቅዳል። የደብሩ ቄስ ግን መሬቱ በስጦታ የተሰጠው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሚቀበር ብቻ ነው ብለው በሩን ቆለፉ። ለሟቹ የተመደበለት ቦታ ራሳቸውን ያጠፉና ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች የሚቀበሩበት ጥግ ነበር። የዚህን ሕመም ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሰው ከወገኑ ጎን እንዳያርፍ መከልከል ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ቤተሰቡ ወደ 25 ዓመቱ ጠበቃ መጣ። ጠበቃው መዝገብ አገላብጦ አየ። መሬቱ ለደብሩ የተሰጠው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ቄሱ የሚጠቅሱት ገደብ ያለበት ወረቀት ግን የተጻፈው የ1880ው ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ የሰጣቸው ምክር አጭር ነበር፦ በሩ ከተቆለፈ ሰብራችሁ ግቡና ቅበሩ። ሰብረው ገቡ፤ ቀበሩ። ቄሱ ከሰሱ። ጁሪው ለቤተሰቡ ቢያደላም የአካባቢው ዳኛ ለቄሱ ፈረደ። ይግባኙ ሎንዶን ደረሰና በዚያው ዓመት መጨረሻ ቤተሰቡ ረታ። ወሬው በሰሜን ዌልስ ጸሎት ቤቶች ሁሉ ተዳረሰ። ወዲያው የሊበራል ፓርቲ የካርናርቨን ቦሮስ ዕጩ ሆነ።

ካርናርቨን ቦሮስ አንድ ከተማ አይደለም። ካርናርቨን፣ ባንጎር፣ ኮንዊ፣ ክሪክየት፣ ኔቪንና ፑልሄሊ የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ከተሞች አንድ ላይ ሆነው አንድ ተወካይ የሚልኩበት ክልል ነበር። ከተሞቹ በመሬት አይገናኙም፤ በመካከላቸው ያለው ገጠር የሌላ ተወካይ ነው። በ1890 የነበሩት ተወካይ ሲሞቱ የማሟያ ምርጫ ተጠራ። የኮንሰርቫቲቮች ዕጩ የዚያችው የላንስተምድዊ ባለርስት ነበሩ፤ ጫማ ሰፊው አጎት ያሳደገው ልጅ ከመንደሩ ጌታ ጋር ተፋጠጠ። ኤፕሪል 10 ቀን ድምፅ ተሰጠ። ድጋሚ ተቆጥሮ ሎይድ ጆርጅ 1,963፣ ባለርስቱ 1,945 አገኙ። በ18 ድምፅ ማለት ነው። አሥር ሰው ሐሳቡን ለውጦ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር ልምጣ። በዚያ ዘመን የፓርላማ አባል ደመወዝ አልነበረውም። ተወካይነት ርስትና ሀብት ላለው ሰው ነበር የተሰናዳው። የ27 ዓመቱ ሎይድ ጆርጅ ርስት የለው፤ ሚስትና ልጅ አለው። በምን ኖረ? በወንድሙ ነው። ዊልያም ክሪክየት ተቀምጦ የሁለቱን የጥብቅና ቢሮ ያካሂዳል፤ ደንበኛ ይቀበላል፤ ገንዘብ ወደ ሎንዶን ይልካል። ለዓመታት እንዲህ ነው የዘለቀው። ዊልያም 101 ዓመት ኖሮ በ1967 ሞተ፤ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ግን ከአንድ ሁለት መስመር አያልፍም። አጎትየው ደግሞ ከመንደሩ ሆኖ ዘወትር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ያደንቃል፣ ይገሥጻል፣ ሕዝቡ ምን እንዳለ ይነግረዋል። ሚስቱ ማርጋሬት ሎንዶንን አልወደደችውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቿን ይዛ ክሪክየት ነበረች። ይህ ለትዳሩ ጥሩ አልሆነም። ሎንዶን ላይ ከጸሐፊው ከፍራንሲስ ስቲቨንሰን ጋር ለብዙ ዓመታት ሌላ ሕይወት ኖረ፤ ማርጋሬት ከሞተች በኋላ በ1943 አገባት። ለምርጫ ክልሉ ግን ማርጋሬት እዚያ መኖሯ ትልቅ ነገር ነበር። መራጩ ተወካዩን ባያገኝ ሚስቱን በጸሎት ቤት፣ ወንድሙን በቢሮ ያገኛል። እኔ የማርጋሬትን ድርሻ ከማንኛውም ንግግሩ አስበልጣለሁ።

ይህ መሠረት የተፈተነው በቦር ጦርነት ነው። ብሪታንያ በ1899 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስትዋጋ አገሩ ሁሉ በጦርነት ስሜት ሲሰክር ሎይድ ጆርጅ ተቃወመ። በኤፕሪል 1900 በራሱ የምርጫ ክልል፣ ባንጎር ውስጥ፣ ከስብሰባ ሲወጣ በዱላ ራሱን ተመታ። ወዳጆቹ ወንበሩን ያጣል ብለው ሰጉ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ግን በ296 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ፤ በ1892 በ196፣ በ1895 በ194 ነበር ያሸነፈው። መራጩ በጦርነቱ ጉዳይ ሁሉ ከእሱ ጋር ስለተስማማ አይመስለኝም። “የእኛ ልጅ ነው፤ ያመነውን ተናገረ” ያለ ይመስለኛል። ከእነሱ ክልል ውጭ ሰው እንዲህ አልታገሠውም፤ በዲሴምበር 1901 በርሚንግሃም ላይ ሊናገር ሲሄድ ሰው የሞተበት ሁከት ተነሥቶ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ነው ያመለጠው።

በ1905 መጨረሻ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1908 የገንዘብ ሚኒስትር። ከዚህ ዘመን አንድ ቀን ብቻ ልጥቀስ፦ ጃንዋሪ 1፣ 1909። በዚያ ቀን ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ድሆች አረጋውያን ፖስታ ቤት ሄደው በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ጡረታ መቀበል ጀመሩ። ዕቅዱን ያስጀመሩት ከእሱ በፊት የነበሩት የገንዘብ ሚኒስትር አስኩዊት ናቸው፤ ሕጉን በፓርላማ ያሳለፈው ግን እሱ ስለሆነ ሕዝቡ በእሱ ስም ያዘው። ገንዘቡን ለማግኘት በ1909 ባለመሬቱንና ሀብታሙን የሚያስከፍል በጀት አቀረበ። ሳይመረጡ የሚቀመጡ መኳንንት ያሉበት የሎርዶች ምክር ቤት በ350 ለ75 ጣለው፤ በ1910 ሁለት ጊዜ ምርጫ ተደረገ፤ በ1911 የሎርዶች በጀት የመጣል ሥልጣን በሕግ ተነሣ። በዚያው ዓመት የጤና ዋስትናው መጣ፦ ሠራተኛው በሳምንት 4 ፔንስ፣ አሠሪው 3፣ መንግሥት 2 ያዋጣሉ። ሰው ታሞ ሲተኛ የሚቀበለውን አበል ራሱን “ሎይድ ጆርጅ” ይሉት ነበር። ደግሞም በ1911 የፓርላማ አባላት በዓመት 400 ፓውንድ ደመወዝ ተቆረጠላቸው። ያቀረበው እሱ ነው፤ ወንድሙ የተሸከመውን ዕዳ በሚያውቅ ሰው እጅ መሆኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

ከ1916 ዲሴምበር እስከ 1922 ኦክቶበር ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። አንደኛውን የዓለም ጦርነት መርቶ አሸነፈ፤ በቬርሳይ የሰላም ድርድር ከአሜሪካው ዊልሰንና ከፈረንሳዩ ክሌማንሶ ጋር ተቀመጠ። አጎቱ ለዚህ ማዕረግ ሲበቃ አይቶ ከሁለት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1917 ሞተ። የልጅነቱ ጉዳይም በዘመኑ እልባት አገኘ፤ በ1914 የወጣው ሕግ በ1920 ሥራ ላይ ውሎ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በዌልስ የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗ ቀረ። ጥፋቱን አልደብቅም። አየርላንድ ውስጥ “ብላክ ኤንድ ታንስ” የተባሉት ኃይሎች የፈጸሙት ግፍ በእሱ መንግሥት ስም ነው፤ በ1921 ስምምነት መፈረሙ ያን አያጥበውም። የክብር ማዕረግ በገንዘብ መሸጡም በእሱ ዘመን ቅጥ አጣ። አብረውት ያስተዳድሩ የነበሩት ኮንሰርቫቲቮች ኦክቶበር 19፣ 1922 ካርልተን ክለብ ተሰብስበው ተለዩት። በዚያ ስብሰባ በጣም ከተሰሙት ተናጋሪዎች አንዱ ስታንሊ ቦልድዊን ነበሩ። ሎይድ ጆርጅ በዚያው ቀን ሥልጣን ለቀቀ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ግን 22 ዓመት ያህል ፓርላማ ተቀምጧል፤ ሚኒስትር ሆኖ ግን አልተመለሰም። ፓርቲው ተከፋፍሎ አነሰ። በ1931 አብረውት የቀሩት የፓርላማ አባላት እሱን ጨምሮ አራት ብቻ ነበሩ፤ አራቱም ከዌልስ፣ አራቱም በሥጋ ወይም በጋብቻ ዘመዳሞች። ልጁ ግዊሊም አንዱ ነው፤ ሴት ልጁ ሜጋን ደግሞ በ1929 ተመርጣ የዌልስ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆነችው ናት። አገሩ ሲተወው ካርናርቨን ቦሮስ አልተወውም።

አሁን ወደ አያትዎ። ዕለቱ ጁን 18፣ 1936 ነው፤ በእኛ ሰኔ 11 ቀን 1928። አዲስ አበባ ከተያዘች ስድስት ሳምንት አልፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ሎንዶን ከገቡ ገና ሁለት ሳምንት ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንተኒ ኤደን ተነሥተው በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ መንግሥት መወሰኑን ለምክር ቤቱ አስታወቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦልድዊን ናቸው። የ73 ዓመቱ ሎይድ ጆርጅ ከተቃዋሚው ወገን ተነሣ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ የምክር ቤት ዘመኑ አንድ የብሪታንያ ሚኒስትር መጥቶ አገራችን ተሸንፋለች፣ የጀመርነውንም እንተወው ሲል ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ገና በቅርቡ በተደረገው ምርጫ ለመንግሥታት ማኅበር ቃል ገብተው ድምፅ የወሰዱት እነዚሁ ሰዎች መሆናቸውን አስታወሳቸው። ሲጨርስ ዛሬ የሰማነው የፈሪ እጅ መስጠት ነው አለና፣ እጁን ወደ ሚኒስትሮቹ ወንበር ዘርግቶ ፈሪዎቹም እነዚያ ናቸው አለ።

ማዕቀቡ ግን መነሣቱ አልቀረም፤ በጁላይ ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ የተናገሩት ከሎይድ ጆርጅ ንግግር 12 ቀን በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ንግግር ውስጥ በ1922 የጣሉትን ቦልድዊንን የመበቀል ስሜትም እንደነበረ ይሰማኛል። ያም ሆኖ በዚያ ቀን በዚያ ወንበር እንዲህ ያለ ቃል የወጣው ከእሱ አፍ ነው፤ አያትዎ ማስታወሳቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሙሉውን ማወቅ አለብዎ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ይኸው ሰው ጀርመን ሄዶ ሂትለርን አገኘና ተደንቆ ተመለሰ፤ በጋዜጣም አሞገሰው። ሙሶሊኒን የተቃወመ ሰው ሂትለርን ማመኑን ለማስታረቅ ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አይታረቅም። እኔ እንደማየው፣ በ1919 የተፈረመው ውል ጀርመንን በዝቶባታል የሚል ጸጸት ዓይኑን ጋርዶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ጎልቶ ተሰማ። ሜይ 8፣ 1940 በኖርዌይ ሽንፈት ክርክር ላይ ተነሥቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቼምበርሌን ሥልጣናቸውን መሥዋዕት አድርገው እንዲለቁ ጠየቀ፤ በሁለተኛው ቀን ቸርችል ተተኩ። በፌብሩዋሪ 1943 ደግሞ የቤቨሪጅ የማኅበራዊ ዋስትና ዕቅድ ሳይዘገይ ሥራ ላይ እንዲውል ከሚሹት ጋር ድምፅ ሰጠ፤ የመጨረሻ ድምፁ ይህ ነው። በ1945 መጀመሪያ ጤናው ሲከዳው የድዊቮር ኧርል የሚል ማዕረግ ተቀብሎ ወንበሩን ለቀቀ። በልጅነቱ የታገላቸው ሎርዶች ዘንድ ግን አልተቀመጠም፤ ማርች 26 በላንስተምድዊ ሞተ፤ እዚያው ከድዊቮር ወንዝ ዳር፣ ተቀምጦ ያስብበት ከነበረው ትልቅ ድንጋይ ሥር ተቀበረ።

ወንበሩስ? በማሟያው ምርጫ ሊበራሎች ያዙት። በጁላይ 1945፣ ሌበር ፓርቲ ብሪታንያን ጠራርጎ ሲወስድ፣ ካርናርቨን ቦሮስ በ1890 በ18 ድምፅ ወደ ተሸነፉት ኮንሰርቫቲቮች እጅ ገባ። በ1950 የምርጫ ክልሉ ራሱ ተሰረዘ።